ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር የተቀበረው ጋን

በአዋሽ ሸለቆ ቆላ፣ የግራር ጥላ ሳሳ ብሎ በሚያርፍበትና ሐሩሩ ገና በጠዋቱ ድንጋይ በሚያግልበት ምድር፣ ሊቃውንተ እንስሳት በነብር ስም የሚጠሯት፣ ጀርባዋ በቢጫና በጥቁር የተዥጎረጎረ የየብስ ኤሊ ትኖራለች፤ ወገኗም ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ቆላ አንሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተበትኖ ይገኛል። ይህችን እንስሳ በመንገድ ዳር ብቻ ያያት ሰው፣ በእሾህ መካከል እየቧጠጠች ከአቧራ ወደ አቧራ ስትጓዝ ተመልክቶ፣ ተፈጥሮዋ ከድርቀት ጋር የተዋደደ፣ እርጥበት የማያሻት ፍጥረት አድርጎ ቢቆጥራት አይፈረድበትም። ነገር ግን መንገደኛው የሚያየው የሕይወቷን ገሚስ ብቻ ነው፤ ሌላው ገሚስ ከቁጥቋጦ ሥርና ቀበሮ ወይም አዋልዲጌሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ከዓይን ተሰውሮ የሚፈጸም ነው፤ በዚያም ጉድጓድ ውስጥ ያለው አየር ከላይ ከሚነፍሰው አየር የተለየ፣ የምድርን እስትንፋስ የያዘ፣ ሞቅ ያለና እርጥብ ነው። ይህን ነገር በመጽሐፍ ከማንበቤ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በልጅነቴ ያወቅሁት፣ አያቴ ለአንዲት ታናሽ ኤሊ ከማድ ቤታችን ግድግዳ ሥር ከሠሩላት መጠለያ ነው፤ ያንንም ሥራ፣ አያቴን ለማመስገንና ዕውቀቱ ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ለማድረግ፣ በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

ዘመኑ የ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም በምድር ባቡር ተቀጥሮ በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ይመላለስ ስለ ነበር፣ ጉለሌ ወዳለው ቤታችን በመጣ ቁጥር ከቆላው አንዳች በረከት፣ አንዳንድ ጊዜ ሎሚ፣ አንዳንድ ጊዜ ዘይቱና፣ ይዞልን ይመጣ ነበር። በአንድ የጥቅምት ምሽት ግን ከለገሃር ተሸክሞት በመጣው ቅርጫት ውስጥ፣ በሣር ተከብባ፣ ከሕፃን ጭብጥ እምብዛም የማትበልጥ ኤሊ ተቀምጣ አገኘን። በአዋሽ ጣቢያ አካባቢ ይኖር የነበረ ሰው ገና ግልገል ሳለች ከዱር አንሥቶ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሻይ ሣጥን ሲያኖራት፣ የዳቦ ፍርፋሪና ሽሮም ሲመግባት ቆይቶ፣ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የሚረከባት ሰው ስላጣ ለአጎቴ ሰጥቶት ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በቆርቆሮው ሥር የነበረው ሙቀት እንደ በረሃው ሙቀት ስለ ሆነ የሚበቃት መስሎት ነበር።

በጀርባዋ ላይ ያለው ቅርፊት የተሠራው እርስ በርሳቸው በስፌት ከተጋጠሙ ሰሌዳዎች ነው፤ አምስቱ በአከርካሪው መስመር ተሰልፈዋል፤ አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ ተደርድረዋል፤ ከእነዚህም በታች ዳር ዳሩን የሚዞሩ ታናናሾች አሉ። አያቴ በፋኖስ ብርሃን አቅርበው ታላላቆቹን ሰሌዳዎች በጣታቸው ሲቆጥሩ ዐሥራ ሦስት ሆኑላቸው፤ ወዲያውም ፊታቸው በራና «የዓመቱን ወራት ይዛ መጣችልን» አሉ፤ እኔም ከመካከላቸው ጳጉሜን የትኛዋ እንደ ሆነች ለማወቅ ከሁሉ የምታንሰውን ሰሌዳ ፈለግሁ። ዳሩ ግን ሰሌዳዎቹ ለስላሳ ሆነው በአንድነት ጎብጠው ክብ ጀርባ መሥራት ሲገባቸው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ላይ ተቆልሎ፣ በስፌቱም ላይ ጠልቆ፣ በትንሿ ጀርባ ላይ ዐሥራ ሦስት ጉልላት የተተከለ መስሎ ነበር። አጎቴ በዱር ያያቸው ኤሊዎች ጀርባቸው እንዲህ እንዳልነበረ ሲናገር፣ አያቴ ዝም ብለው አዳመጡ፤ የሰሙትንም ነገር በልባቸው አኖሩ።

አያቴ በወጣትነታቸው ዜማንና ቅኔን በጎጃም የተማሩ፣ ቅኔውንም በዋሸራ ያደላደሉ፣ ኋላም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ከመምህራን እግር ሥር የሰሙ ሰው ነበሩ። የስድስቱን ዕለታት ሥነ ፍጥረት ሲናገሩ የሰማቸው ሰው፣ ትምህርቱን በቃል ከማወቅ አልፈው በጓሯቸው ውስጥ ሲፈጸም የሚያዩት መሆኑን ይረዳ ነበር። ንብ ከአበባ ስትነሣ ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ መቋሚያቸውን አንሥተው ዞር ብለው ያልፉ ነበር። ለእንስሳ የክርስትና ስም ማውጣት እንደማይገባ ስለ ነገሩን ኤሊዋ ያለ ስም ኖረች፤ በቤታችን ሌላ ኤሊ ስላልነበረ ስም የሚያስፈልግበትም ጊዜ አልመጣም።

ለሁለት ወር ያህል አያቴ ምንም ሳይሠሩ ኤሊዋን ብቻ ሲመለከቱ ቆዩ፤ ዛሬ ሳስበው ከሥራቸው ሁሉ የላቀው ይህ ዝምታ ይመስለኛል። ቀን ቀን በጓሮው ሰርዶ ላይ ትለቀቅ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ ትሞቅና ሣር ትግጣለች፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ግን፣ የት እንደምትሄድ ሳናውቅ፣ ከዓይናችን ትሰወራለች። እኛ ልጆቹ ጥላ ፍለጋ ከኮባው ሥር የምትገባ መስሎን በዚያ ስንፈልጋት፣ አያቴ ሌላ ቦታ አገኟት፤ የውሃው እንስራ ከሚቀመጥበት የድንጋይ መደብ ሥር፣ ከሸክላው የሚያልበው ውሃ ጠብ እያለ አፈሩን በሚያርስበት ጠባብ ሥፍራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ግማሽ አካሏን በጭቃው ውስጥ ቀብራ ተኝታ ነበር። አንሥተው ወደ ኮባው ጥላ ወሰዷት፤ በማግሥቱም ከዚያው ከእንስራው ሥር ተገኘች። ጥሩ ውሃ በሸክላ ሳሕን አቀረቡላት፤ ጥቂት ጠጥታ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። ጊዜው ጥር ነበር፤ አየሩ የሰውን ከንፈር የሚሰነጥቅበት፣ የእንጨት በር ሳይቀር ደርቆ የሚጮህበት ወር ነው። ሌሊት ግን ከጉለሌ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲመጣ እርጥቡ ሥፍራ ቀዝቅዞ ስለሚያገኛት፣ ጠዋት ስናነሣት አፍንጫዋ ላይ ውሃ አቅርራ፣ ዓይኗን ከድና፣ አንገቷን መዘርጋት እየከበዳት እናገኛት ጀመር።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ፣ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ የተናገሩኝ ቃል እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልተለየም። በአበው ትምህርት ዓለም የተፈጠረባቸው አራቱ ባሕርያት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ እሳት ውዕየትና ይብሰት (ሙቀትና ድርቀት) ነው፤ ነፋስ ውዕየትና ርጥበት ነው፤ ውሃ ቁሪርና ርጥበት (ቅዝቃዜና እርጥበት) ነው፤ መሬት ቁሪርና ይብሰት ነው። «ልጄ» አሉኝ፣ «በዚያ በቆርቆሮ ቤት ሳለች ያገኘችው የእሳትን ጠባይ ነበር፤ ሙቀት ነበራት፣ ርጥበት ግን አልነበራትም፤ ስለዚህ ጀርባዋ ተቆለለ። ከእንስራው ሥር ያገኘችው ደግሞ የውሃን ጠባይ ነው፤ ርጥበት አላት፣ ሌሊት ግን ሙቀት የላትም፤ ስለዚህ ደረቷ ታመመ። ይህች ፍጥረት የምትሻው የነፋስን ጠባይ ነው። ውዕየትና ርጥበት በአንድነት የሚያድሩበት ቤት ልንሠራላት ይገባናል።» እኔም «አባባ፣ እንደዚህ ያለ ቤት የት ይገኛል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ማድ ቤቱ አመለከቱኝ።

ማድ ቤታችን ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮው ውስጥ የቆመ ነበር፤ የእንጀራው ምድጃ ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ስለ ተሠራ፣ ሴት አያቴ እማማ ምጣዱን በጣዱ ቁጥር ግድግዳው በውጭ በኩል እስከ ማታ ድረስ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ድመቶችም ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር። አያቴ የመረጡት ሥፍራ ይህ ነው። ለቤቱም የሚሆን ዕቃ አላጡም፤ እማማ ለጥምቀት ጠላ የሚጠምቁበት ጋን አፉ ላይ ተሰንጥቆ ከወራት በፊት ከሥራ ውጭ ሆኖ ነበርና፣ አያቴ በትሕትና ለመኗቸው፤ እማማም ጥቂት ካመነቱ በኋላ ፈቀዱ። ጋኑ ግን ጌሾና የወይራ ጢስ ሸቶት ስለ ነበር፣ በግራዋ ታጥቦ፣ በውሃ ተለቅልቆ፣ በፀሐይ ተሰጥቶ፣ እንደ ገና ታጥቦ፣ አያቴ አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው የሸክላ ሽታ ብቻ እስኪያገኙ ድረስ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ቀን ዋልን። ሽታን የሚጠሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጠባብና እርጥብ በሆነ ቤት ውስጥ የሚኖር እንስሳ የሚተነፍሰው የቤቱን ሽታ ነውና። በዚሁ ምክንያት ጎረቤታችን አናጢ ከደግነት የተነሣ ያመጣላቸውን የጥድ ፍቅፋቂ፣ በአመስጋኝ ቃል ተቀብለው ለምድጃው አዋሉት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ወደዚያ ጥግ እንዳይደርስ ከለከሉን።

ጉድጓዱ ከግድግዳው ሥር ሲቆፈር ከታች ጠጠር ተነጠፈበት፤ ውሃው ወደ ታች እንዲወርድና በቤቷ ውስጥ እንዳይቋጥር ነው። በጠጠሩ ላይ ጋኑን በጎኑ አስተኝተው፣ አፉን ወደ ምሥራቅ፣ ሆዱን ወደ ሞቃቱ ግድግዳ አስጠግተው፣ ከቁመቱ ሁለት እጅ የሚሆነውን በአፈር ቀበሩት። ሰፊውን አፍ በሸክላ ስብርባሪና ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ እየደፈኑ፣ ኤሊዋ ብቻ ጀርባዋ ሳይነካ የምታልፍበት በር ተዉለት፤ የበሩንም ልክ ለማወቅ ቁመቷን በመቋሚያቸው ላይ በከሰል ምልክት ለክተው፣ ለዕድገቷ የሚሆን ሁለት ጣት ጨመሩበት። በሩ ሰፊ ቢሆን እርጥበቱ ሁሉ በቀትር ይሸሻል፤ ጠባብ ቢሆን ደግሞ እንስሳዋ ትታነቃለች፤ ይህን መካከለኛ ልክ ለማግኘት ጭቃውን ሦስት ጊዜ አፍርሰው ሦስት ጊዜ ሲመርጉት አስታውሳለሁ። ከበሩ ላይ ከጆንያ የተቆረጠ መጋረጃ አንጠለጠሉ፤ ጠዋት ጠዋት ይህን ጆንያ በውሃ ነክሮ መልሶ መስቀል የእኔ ሥራ ነበር፤ ኤሊዋም ከጥቂት ቀን በኋላ በራሷ ገፋ አድርጋ መግባትና መውጣት ተማረች።

በጋኑ ውስጥ የሚነጠፈውን አፈር አያቴ ለማንም አልተዉትም። የጓሯችን ጥቁር አፈር ብቻውን ቢሆን ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ብቻውን ቢሆን ውሃ አይዝም፤ ስለዚህ ቀይ አፈር፣ የወንዝ አሸዋና ከኮሶው ዛፍ ሥር የተሰበሰበ የበሰበሰ ቅጠል በእጃቸው አዋሕደው፣ ኤሊዋ ራሷን ልትቀብርበት የምትችል አንድ ስንዝር ጥልቀት ሰጡት። ልኩንም በጭብጣቸው ያውቁት ነበር፤ አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲጨምቁ ውሃ በጣቶቻቸው መካከል ከወጣ በዛ፤ ሲለቁት ወዲያው ከተበተነ አነሰ፤ ድቡልቡል ሆኖ ከቆመና በአውራ ጣት ሲነካ ከፈረሰ ደግ ሆነ። ከላይ በኩል፣ ጋኑ ከአፈር በታች በሚሆንበት ትከሻው ላይ፣ ሰፋፊ የኮባ ቅጠል ደርበው፣ በኮባው ላይ አፈር፣ በአፈሩም ላይ ሰርዶ ተከሉ፤ ኮባ ለድፎ ዳቦ እርጥበት ጠባቂ መሆኑን ያስተማሯቸው እማማ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ታናሿ ማሰሮ ናት። ያልተቀባ ሸክላ ውሃን በዝግታ ወደ ውጭ ስለሚያሳልፍ፣ አያቴ አንዲት ያልተወለወለች ማሰሮ ከጋኑ ጎን አስጠግተው፣ አንገቷ ብቻ ከመሬት በላይ እስኪቀር ቀበሯት፤ በየሳምንቱ ውሃ ሲሞሉባትም ውሃው ከሆዷ ወደ ዙሪያው አፈር፣ ከአፈሩም ወደ ጋኑ ግድግዳ እየሰረገ፣ ማንም ውሃ ሳያርከፈክፍ፣ በውስጡ ያለው አየር ርጥበቱን ይዞ ይኖር ነበር። ምድጃው በሚነድበት ቀን ይህ ርጥበት ከግድግዳው ሙቀት ጋር ሲገናኝ፣ እጄን በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ባስገባሁ ጊዜ የሚሰማኝ ለስላሳ ሙቀት፣ በክረምት ዝናብ መጨረሻ ላይ ፀሐይ የወጣችበት ምድር የሚሰጠው ዓይነት ነበር። አየሩ እንዳይታፈንና ሻጋታ እንዳይበቅልም፣ በጋኑ ስንጥቅ ላይ አንዲት የሸምበቆ ቧንቧ ሰክተው ወደ ላይ እንድትተነፍስ አደረጉ፤ አፈሩንም በየወሩ በአዲስ ይለውጡት ነበር።

መለኪያ መሣሪያ አልነበረንም፤ ነገር ግን አያቴ ለዚህም መላ አላጡም። ከገበያ ከተገዛ አሞሌ ጨው አንዲት ስባሪ በክር አስረው፣ ኤሊዋ ልትደርስበት ከማትችለው ከፍታ፣ በሸምበቆው በኩል ወደ ውስጥ አወረዷት። ጨው በዙሪያው ያለው አየር እስከ ተወሰነ ልክ ሲረጥብ ምንም አይሆንም፤ ርጥበቱ ከመቶ 75 ገደማ ሲያልፍ ግን ከአየሩ ውሃ ስቦ ማላብ ይጀምራል። ይህን ቁጥር አያቴ አያውቁትም ነበር፤ ጨው በክረምት በጓዳ ውስጥ እንደሚያለቅስ፣ በበጋም እንደሚደርቅ ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ አይተዋል። ጠዋት ክሩን ስበው ጨውን በጣታቸው ይነካሉ፤ ከረጠበ «ደኅና አድራለች» ይሉኛል፤ ከደረቀ ማሰሮዋን እንድሞላ ያዙኛል። እኔ በበኩሌ፣ በኋላ ዘመን ባየኋቸው የመለኪያ ዕቃዎች ሁሉ ፊት፣ የዚያች የጨው ስባሪ ክብር በልቤ አልቀነሰም።

ሰኔ ሲገባ ሥራው ሁሉ ተገለበጠ። በአዲስ አበባ ክረምት ርጥበት የሚያንስ ነገር አይደለም፤ የሚያንሰው ሙቀት ነው፤ ለቆላ እንስሳ የሚያስፈራው ይህ ቀዝቃዛ ርጥበት ስለ ሆነ፣ አያቴ ማሰሮዋን ባዶ አደረጉ፣ እርጥቡን ጆንያ በደረቅና በወፍራም ተኩ፣ በአፈሩ ላይ የጤፍ ጭድ ነሰነሱ፣ ዝናቡም እንዳይገባ በበሩ ፊት ከቆርቆሮ ዳስ ሠሩ። ምድጃው ባልነደደበት ማታ፣ በረመጥ ውስጥ የሞቀ ድንጋይ በጆንያ ተጠቅልሎ ከጋኑ ጀርባ ይደረግ ነበር። ሐምሌና ነሐሴን በዚህ ሁኔታ አሳለፈች፤ አፍንጫዋም ደረቀ፣ ዓይኗም ጠራ።

መብሏንም አያቴ አስተካከሉት፤ ዳቦውና ሽሮው ቀርቶ ሰርዶ፣ ማገጥ፣ የበለስ ቅጠል ተቆርጦ ይቀርብላት ጀመር። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በሣሯ ላይ ይነሰነስ ነበር፤ አጎቴም በቆላ ኤሊዎች የደረቀ አጥንት ሲያኝኩ ማየቱን ስለ ነገረን፣ አንድ ያረጀ የበግ አጥንት በጓሮው ተትቶላት ኖረ። አንዳንድ ቀን እማማ በማያቦኩበት አሮጌ ገበቴ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርገን እስከ አገጯ ድረስ እናስቀምጣት ነበር፤ ያን ጊዜ አንገቷን ዘርግታ ረጅም ጊዜ ስትጠጣ ማየት ለእኔ ታላቅ ደስታ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ፣ በአንድ የመስከረም ጠዋት፣ አያቴ ጠሩኝና መነጽራቸውን ሰጥተው ጀርባዋን እንድመለከት አዘዙኝ። በሰሌዳዎቹ መካከል ባሉት ስፌቶች፣ ቅርፊት የሚያድገው በዚያ ስለ ሆነ፣ ከአሮጌው የነጣ አዲስ ቀለበት ወጥቶ ነበር፤ ይህም አዲስ ዕድገት ወደ ላይ አልተቆለለም፤ ወደ ጎን ለጥ ብሎ፣ ለስላሳ ሆኖ ተዘርግቷል። አሮጌዎቹ ጉልላቶች በቦታቸው ነበሩ፤ እነዚያ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አይጠፉም፤ ከዚያ ወዲህ የበቀለው ሁሉ ግን ጤናማ ነበር። አያቴ ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን በጀርባዋ ላይ አሳርፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ በዚያች ሰዓት የነበረውን የፊታቸውን ብርሃን በበዓለ ጥምቀት ካየሁት በቀር ሌላ ጊዜ አላየሁትም።

አያቴ ካረፉ በኋላ ጋኑን የሚንከባከብ አልጠፋም፤ እኔ ግን ለትምህርት ወደ ሌላ ሥፍራ ስለ ተላክሁ፣ አጎቴ ኑሮውን በድሬዳዋ ሲመሠርት ኤሊዋን ወስዶ ሙቀት በማይጎድልበት ግቢ አኖራት። በ1960ዎቹ ሄጄ ባየኋት ጊዜ በሁለት እጅ የምትነሣ ሆና ነበር፤ በጀርባዋ መካከል፣ በሰሌዳዎቹ አናት ላይ፣ የሻይ ሣጥኑ ዘመን በዐሥራ ሦስት ትናንሽ እብጠቶች ተጽፎ ቀርቷል፤ በዙሪያቸው ያለው ሰፊ ሜዳ ሁሉ የጋኑና የድሬዳዋ ነበር።

አያቴ በአራቱ ባሕርያት የገለጡት ነገር በምዕራባውያን ዘንድ በቁጥር ተመርምሮ የታተመው እጅግ ዘግይቶ ነው። ለብዙ ዘመን የኤሊ ጀርባ የሚቆለለው ምግቡ ስለሚበዛ፣ በተለይም ገንቢ ምግብ ስለሚበዛበት ነው የሚለው አሳብ በአሳዳጊዎች ዘንድ የጸና ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ቪስነርና ኢበን የተባሉ የቪየና ተመራማሪዎች ሱልካታ የተባለውን የኤሊ ወገን 50 ጫጩቶች ለ5 ወራት በልዩ ልዩ የአየር ርጥበትና በልዩ ልዩ የምግብ ልክ አሳድገው ባሳተሙት ጥናት፣ በደረቅ አየር ውስጥ ያደጉት ከፍ ያለ ጉብታ ሲያወጡ፣ ርጥበቱ ከመቶ 45 እስከ 99 ድረስ በነበረበት ሥፍራ ያደጉት የተሻለ ለስላሳ ጀርባ ማግኘታቸውን አሳዩ፤ የገንቢ ምግቡ ድርሻ ግን አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህን ባነበብሁ ቀን፣ የጋኑን አፈር በጭብጣቸው ሲጨምቁ የነበሩት እጆች በፊቴ ቆሙ፤ በዚያን ዘመን ይህን የሚነግራቸው ሰው ሳይኖር፣ ከእንስራው ሥር የምትገባን እንስሳ አይተው ብቻ እውነቱን ስላገኙት ልቤ በኩራት ተሞላ።

አሁን በስተርጅና በምቀመጥበት በኮሎራዶ፣ ዴንቨር፣ የልጅ ልጄ አንዲት የሱልካታ ግልገል ያሳድጋል። ይህ ወገን ከሰሐራ ደቡባዊ ጠርዝ፣ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድረስ የሚኖር ሲሆን፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላዩ የሚኖረው መዥገር የከብት በሽታ እንዳያመጣ ተፈርቶ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፣ እዚህ የሚገዙት ሁሉ በዚሁ የተፈለፈሉ ናቸው። በዚህ ከተማ የክረምቱ ብርድ ከባድ ነው፤ ቤት የሚያሞቀው መሣሪያ ግን የሚነፋው አየር እጅግ ደረቅ ስለ ሆነ፣ የርጥበት መለኪያው ከመቶ 20 በታች የሚወርድበት ቀን አለ፤ ያ የአዋሽ የቆርቆሮ ቤት እዚህ በየሳሎኑ ተሠርቷል ማለት ይቻላል። ልጁ ይህን በነገረኝ ጊዜ «አያቴ፣ ምን ይሻላል?» አለኝ፤ እኔም ከአያቴ የሰማሁትን እንዳለ ነገርሁት።

ጋን አልነበረንም። ክዳን ያለው፣ ብርሃን የማያሳልፍ የፕላስቲክ ሣጥን ገዛን፤ በጎኑ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርገን፣ በር ቆረጥንለት፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አለሰለስን። የተነጠፈው ከኮኮናት ቃጫ የሚሠራ አፈር መሰል ነገርና በላዩ የረጠበ ሙስ ነው፤ ልኩን ያሳየሁት በጭብጥ ነው። ሙቀቱን የሚሰጠው ብርሃን የሌለው የሸክላ ማሞቂያ ነው፤ ከላይ ተሰቅሎ በቴርሞስታት ስለሚጠበቅ ሌሊት ከ27 ዲግሪ እንዳይወርድ ይደረጋል፤ በውስጥ ያለው መለኪያም ከመቶ 80 ያህል ያሳያል። በክዳኑ ላይ ልጁ የአየር ቀዳዳ ሊያበዛ ሲል አንዲት ብቻ እንድትሆን ነገርሁት፤ ቀዳዳው ሲበዛ በዚህ አገር የክረምት አየር ውስጥ ርጥበቱ አንድ ሌሊት አያድርምና። የኤሊዋ ጀርባ እስከ አሁን ክብና ለስላሳ ነው።

ሣጥኑ ግን የሚያገለግለው ለልጅነቷ ዘመን ብቻ ነው። ሱልካታ ስታድግ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ልትመዝን የምትችል፣ በተፈጥሮዋም ራሷ ጉድጓድ የምትቆፍር እንስሳ ስለ ሆነች፣ ይህን አውቆ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ሰው ባያሳድጋት እመክራለሁ፤ በዚህ አገር ኋላ ተቀባይ አጥተው የሚጣሉት እጅግ ብዙ ናቸው። እኛ ከግቢው በስተ ደቡብ፣ የቤቱ ግድግዳ የቀን ሙቀት የሚይዝበትን ጥግ መርጠናል፤ አፈሩ ሸክላማ ስለ ሆነ ቢቆፈር አይናድም። ልጄ ከመሬት በታች የተዘረጋውን የጋዝና የመብራት መስመር ምልክት የሚያደርጉ ሰዎችን ጠርቷል፤ እንጨትና ወፍራም ማገጃ ተገዝቷል፤ ለክረምቱ የሚሆነው ማሞቂያም ከአሁኑ ታስቦበታል። ውርጩ ሲያቆም መቆፈር እንጀምራለን።